አሮጌው ቅል፦ የእርጎ ሥራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚካኤል ዛሬ ገባ። ከተማው ገና ከሆታው አልበረደም፤ እኔ ግን ቤት ተቀምጬ የሆዴን ጩኸት እያዳመጥሁ ነው።

ከገና በፊት ጥርሴ መግል ቋጥሮ ለሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ወሰድሁ። ጥርሱ ዳነ። ሆዴ ግን ከዚያ ወዲህ አልታዘዝ ብሏል፤ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ጠዋት ጠዋት በተማሪዎቼ ፊት ያሳፍረኛል። ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ገብቼ ፕሮባዮቲክ እንዳላቸው ጠየቅሁ። አላቸው። ዋጋውን ነገሩኝና አመስግኜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ትርጓሜ፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለሰው ጤና የሚጠቅሙ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እዚህ ላይ ክብደት ያላት ቃል «ሕያው» የምትለው ናት። አንጎለላ ያሉት አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያረጉት የኖሩት እርጎ ሕያው ነው። እንክብሉ ውስጥ ያሉት ባሕር ተሻግረው፣ በመጋዘን ከርመው፣ እኔ ጋ እስኪደርሱ ስንቱ በሕይወት እንደቆየ ግን ማን ይነግረኛል? ስለዚህ በዚህ ብርድ፣ በገዛ እጄ፣ ከፈላ ወተት እርጎ ላረጋ ነው። የኬሚስትሪ መምህር በመሆኔ የፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ) ወረቀትና ቴርሞሜትር አላጣሁም። ቅል የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

የመጀመሪያው ሙከራ፣ ያለ ቅል።

ከጎረቤት ሁለት ሊትር ወተት ገዝቼ አፈላሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ታዲያ ጀርሙ ይሞታል?» ይሉኛል። ይሞታል። ወተትን ከበሽታ አምጪዎቹ ለማዳን 63 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ማቆየት ይበቃል፤ የእኛ መፍያ ከሁለቱም በላይ ነው።

ሲበርድ ከሱቅ ከገዛሁት እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨመርሁበት፤ ድስቱን ከድኜ ወጥ ቤት አስቀመጥሁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱ ሙቀት 13 ዲግሪ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 15

አልረጋም። ከ36 ሰዓት በኋላም ወተት ነው። ፒኤች 6.5፣ ማለትም ከትኩስ ወተት ያልተለየ፤ ሲኮመጥጥ ቁጥሩ መውረድ ነበረበት። ድመቷ ተጠቀመች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የሱቁ እርጎ የሚረጋው በሁለት ባክቴሪያዎች ነው፦ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስና ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ። የሁለተኛው ስም ራሱ «ሙቀት ወዳድ» ማለት ነው። በደንብ የሚሠሩት ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እኔ በጥር ውርጭ 13 ዲግሪ ወጥ ቤት ውስጥ ከተትኋቸውና ሥራ ጠበቅሁባቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

አክስቴ ለገበያ ሲመጡ ሁለት ቅል ይዘውልኝ መጡ። አንዱ አዲስ ነው፤ ከደብረ ሲና በኩል የተገኘ። ሌላው የራሳቸው አሮጌ፣ ከጢስ ብዛት የጠቆረ፣ አንገቱ በጠፍር የተጠገነ።

አስተጣጠኑን ዝርዝር አድርጌ ልጻፍ፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅሉ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ የግራዋ ቅጠል ከውኃ ጋር ውስጡ ገብቶ ይናጣል፤ ይደፋል፤ ይደገማል። አፉ ተደፍቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የወይራ ፍልጥ ከምድጃ እየጋመ ሲወጣ እሳቱ ይጠፋና ፍሙ ከነጢሱ ወደ ቅሉ ይገባል። ይከደናል፤ ይወዘወዛል፤ ይቆያል። ሲበርድ ፍሙ ይራገፋል፤ ብናኙ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ጢሱ ሽታ ብቻ አይደለም። በወይራ ጢስ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች ብዙ ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ ስለዚህ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ወተት ቶሎ አይበላሽም።

ጭቅጭቁ የመጣው ወተቱን ላፈላ ስነሣ ነው።

«የፈላ ወተት የሞተ ወተት ነው፤ የሞተ እንዴት ይረጋል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ከእኔ ዲግሪ የበለጠ እውነት አለው። ወተት በራሱ የሚረጋው ውስጡ ባሉት ባክቴሪያዎች ነው፤ ስናፈላው ክፉውንም ደጉንም አብረን እንጨርሳለን። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን የትኩሳት በሽታና የከብት የሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መርጋቱም እነዚህን ጀርሞች በእርግጠኝነት አያጠፋቸውም። በዚህ ምክንያት እሳቸው ካረጉት ጥሬ እርጎ ላይ እርሾ መውሰድም አልፈለግሁም። «እትዬ፣ ቅሉ ራሱ ያረጋው እንደሆነ እንየው» አልኋቸው። ሳቁብኝ፤ ከዚያም የፒኤች ወረቀቱን ወተቱ ውስጥ ስነክር አይተው «አንተ ልጅ፣ ጥምቀት አልፏል እኮ!» አሉ።

ወተቱን አፍልቼ 25 ዲግሪ ሲደርስ አንድ አንድ ሊትር ለሁለቱም ቅሎች አካፈልሁ። እርሾ አልጨመርሁም። ሁለቱም ታጥነዋል፤ ሁለቱም በአንድ ባና ተጠቅልለዋል። ልዩነታቸው አሮጌና አዲስ መሆናቸው ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጥር 18

ሁለቱም 6.5። ለውጥ የለም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

አሮጌው ቅል ረጋ! ትናንት ማታ ወረቀቱ 5.5 አሳየ፤ ዛሬ ጠዋት 4.5። ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን የሚቋጠረው ፒኤች 4.6 አካባቢ ነውና መቼ እንደረጋ በግምት አውቄዋለሁ፤ ወደ 60 ሰዓት ወስዶበታል። ከላይ ስልባቦት፣ ከሥር ጥቅጥቅ ያለ እርጎ፣ የወይራ ሽታ። በትንሽ ብርጭቆ ጠጣሁ። የአክስቴን ያህል አይጎመዝዝም።

አዲሱ ቅል አልረጋም፤ ሽታው አላማረኝም፣ ምላሴ ላይ ሳደርገውም ይመርራል። ደፋሁት።

አሮጌው ቅል ምን እንዳለው ለማወቅ ማይክሮስኮፕ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ ነበር። ነገሩ ግን የሚታወቅ ነው። የቅል ግድግዳ ባለ ቀዳዳ ነው፤ ከዓመታት እርጎ የተረፉት ባክቴሪያዎች ማጠብና ማጠን ሳይጨርሳቸው እዚያ ተሸሽገው ይቆያሉ። በአገራችን እርጎ ውስጥ የሚገኙት ላክቶኮከስ፣ ሉኮኖስቶክና የተለያዩ ላክቶባሲለሶች ሲሆኑ ብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ባለው ዲግሪ ተመችቷቸው ይሠራሉ፤ ብርድ ያዘገያቸዋል እንጂ እንደ ሱቁ ዘመዶቻቸው ሥራ አያስፈታቸውም። አክስቴ ቅላቸውን ለማንም የማያውሱት በንፍገት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ጾምም ነው፣ አስተርእዮ ማርያምም ነው። ቅሉን አልነካሁም፤ ያነበብሁትን ልጻፍ።

የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ምግብና ጀርም፣ በሌላው በኩል ሥጋና ደም። ከሰውነት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት እጅግ ብዙዎቹ እዚያ መስፈራቸው ስለዚህ አያስደንቅም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ የፔየር ጉብታዎች የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፤ በአንጀት ከሚያልፈው ናሙና እየወሰዱ ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ፤ ማን ነዋሪ፣ ማን ወራሪ እንደሆነ የሚለየው እዚያ ነው። አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ወደ አንጀት እየፈሰሰ ጀርሞች ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ይከላከላል። ያለ አንዳች ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ባደጉ አይጦች ላይ እነዚህ ጉብታዎች ቀጭጨው፣ አይጂኤውም ጥቂት ሆኖ ይገኛል። መከላከያችን ትምህርቱን የሚማረው ከነዋሪዎቹ ነው ማለት ነው።

ነዋሪዎቹ ከእኛ ሕዋሳት በአሥር እጥፍ ይበልጣሉ የሚለውን እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ስህተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ስሌት ባክቴሪያዎቹን 38 ትሪሊዮን፣ የሰውየውን ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ገደማ አድርጓቸዋል። እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ሰኞ ክፍል ገብቼ አርማለሁ።

እርጎንና ዕድሜን ያገናኘው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ጀርምን እንደሚውጥ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሰው፣ በፓሪሱ የፓስተር ተቋም ተቀምጦ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የረዘመው በእርጎ ነው ብሎ አመነ፤ ራሱም ይጠጣ ጀመር። የሞተው በ71 ዓመቱ ነው። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን አተረፈ?» ብለዋል፤ እሳቸው 80ኛውን ተሻግረዋል።

የእኔን ጉዳይ በቀጥታ የነካው ግን የእስራኤሉ የቫይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነው። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ሰዎች መካከል የፕሮባዮቲክ እንክብል የተሰጣቸው የቀድሞ ባክቴሪያዎቻቸው ለመመለስ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ዘገዩ። እንግዶቹ ቦታውን ይዘው ባለቤቶቹን አስቀሩ። መንዝ ጓሳ ትዝ አለኝ። ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት የጓሳው የሣር መስክ ለዓመታት ተዘግቶ ማንም ሳያጭድበት፣ ከብትም ሳይገባበት ይቆይ ነበር፤ ሣሩን ማንም አይዘራውም፣ ራሱ ይመለስ ነበር። መድኃኒት ቤት ዋጋ ያስደነገጠኝ ቀን ሳላውቀው ሆዴን ከልዬለት ይሆን?

ስለዚህ እርጎውን እንደ መድኃኒት መጠጣት ትቻለሁ። በጥብቅ ትርጓሜው ከሄድን የቤት እርጎ ፕሮባዮቲክ ሊባል እንኳ አይችልም፤ ዝርያው ተለይቶ፣ ጥቅሙ በሰው ላይ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበትና። የሚያጽናናኝ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሲሆን 36 ጤነኛ ሰዎች ለ10 ሳምንት ተሳተፉበት፤ እኩሌቶቹ እንደ እርጎ ያሉ የቦኩ ምግቦችን፣ እኩሌቶቹ አሰር የበዛበትን ምግብ ሲመገቡ ቆዩ። የቦካውን የበሉት የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በዛ፤ በደማቸው ውስጥም የብግነት (የመከላከያው መቆጣት) ምልክት የሆኑ 19 ፕሮቲኖች ቀነሱ። ቀነሱ መባሉን ልብ ይሏል። «የመከላከያ አቅምዎን ከፍ ያደርጋል» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። አለርጂም ሆነ አስም ልኩን ያለፈ መከላከያ ነው፤ የሚፈለገው ጩኸት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ከማክሰኞው እርጎ ሦስት ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ሊትር የፈላ ወተት፣ አሮጌው ቅል፣ ባና፣ ከምድጃው አጠገብ። በ22 ሰዓት ረጋ። አርብን አሳልፌ ቅዳሜ ጠጣሁ። እንዲህ ነው እንጂ!

ሰኞ፣ ጥር 26

አልረጋም። እርሾው ያው፣ ቅሉ ያው፣ ባናው ያው። ከ30 ሰዓት በላይ ቆይቶ ወረቀቱ 6.5 ላይ ተገትሯል። ለአክስቴ ደወልሁ፦ «ዓይን ገብቶበታል» አሉና ትንሽ ዝም ብለው «ላሟን ጠይቅ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ላሟን ጠየቅሁ። ጎረቤቴ እማማ ሳያንገራግሩ ነገሩኝ፤ ጡቷ አብጦ ቅዳሜ መርፌ ተወግታለች። ፔኒሲሊን። ወተቷን ለቤት ብቻ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ ልጃቸው ሳያውቅ ሸጠልኝ።

ሁለት ፈተና አደረግሁ። የሌላ ላም ወተት ገዝቼ አፈላሁ፤ ያንኑ እርሾ ጨመርሁ፤ በማሰሮ አስቀመጥሁት። በሌላ ማሰሮ ደግሞ የታመመችውን ላም የዛሬ ወተት እንዲሁ አደረግሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

የጤነኛዋ ላም ወተት በ23 ሰዓት ረግቶ ነበር። የታመመችው እስከ አሁን ድረስ ወተት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብባል እነዚህን ሁለት ማሰሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። መድኃኒቱ በደም አልፎ ጡት ገባ፤ ከጡት ወተት ገባ፤ መፍላትም በሚገባ አላጠፋውም፤ የእኔን እርሾ አስተኛው። ከገና በፊት ሰባት ቀን ሙሉ የዋጥሁት እንክብል ሆዴ ውስጥ የሠራውን በማሰሮ አየሁት። መርፌ የተወጋች ላም ወተት መድኃኒቱ ላይ ለተጻፈው ያህል ቀን መደፋት አለበት፤ እርጎ ስለሚያበላሽ ብቻ ሳይሆን ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሊታመምበት ስለሚችል፣ ጀርሞችም ከመድኃኒቱ ጋር ስለሚላመዱ። እማማን ይህን ስነግራቸው ደንግጠው የወተቱን ገንዘብ ሊመልሱልኝ ፈለጉ። አልተቀበልሁም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት በሁለት ሊትር ዋጋ አይገኝም።

እሑድ፣ የካቲት 2፤ አንጎለላ

አክስቴ ቤት የመናጥ ቀን። እኔ የሰበሰብሁትን አራት ሊትር ያህል እርጎ ይዤ ሄድሁ፤ ለብቻው እንዲናጥልኝ ለመንሁ። በጠፍር አንጠልጥለው፣ ወዲያና ወዲህ እየገፉ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው ናጡ። እኔ ቴርሞሜትር አወጣሁ፤ እሳቸው ድምፁን ይሰማሉ። መጀመሪያ ፍርፍር የሚል ወፍራም ድምፅ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጥኖ ጧ ጧ ማለት ሲጀምር «ወጣ» አሉ። ቅቤው ወጥቷል።

አሬራውን ጥደው አይብ ሊያወጡ ሲሉ ተከራከርሁ። ሲሞቅ ይቋጠራል፣ አጓቱ ይለያል፣ አይቡ ይጣፍጣል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። እንጀራም እንደዚሁ ነው። ሊጡ ሲቦካ ሕይወት ሞልቶት ምጣድ ላይ ያልፋል። ይህን ስል እንጀራና አይብ አይጠቅሙም ማለቴ አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ ሠርተው የተዉት ነገር ይቀራልና። ሠራተኞቹን ራሳቸውን የፈለገ ግን አሬራውን እንዳለ መጠጣት አለበት። ለሱቅ እርጎ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የተቀመጠው ልክ በአንድ ግራም ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሕያዋን ነው።

«ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹ አይብ ይሁን» ብለው ፈረዱ። ከገብስ ቆሎ ጋር ጠጣሁ።

ቆሎው ያለ ምክንያት አልተጠቀሰም። የእርጎ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው መንገደኞች ናቸው፤ ቀናት ቆይተው ያልፋሉ። ነባሮቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚጠብቁት እኛ መፍጨት ያቃተንን ነው፦ የገብስ፣ የባቄላ፣ የምስር አሰር። ያንን አብላልተው ቡቲሬት ይሠራሉ፤ የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ምግብ እሱ ነው። ስሙ የመጣው ከቅቤ ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው የቆየ ቅቤ ውስጥ ነበርና። ቅቤውን እያጠቡ ለነበሩት አክስቴ ይህን ብነግራቸው «በሶ ብላ ለማለት ይህን ያህል ዞርህ?» አሉኝ።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ የካቲት 3–5

ነነዌ። እርሾው በትንሽ ጠርሙስ፣ በስተ ውጭ መስኮት ላይ። ሌሊት 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ መብራት ቢጠፋም የደብረ ብርሃን ማቀዝቀዣ አይጠፋም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እርሾው ነቅቷል፤ 26 ሰዓት ወሰደበት እንጂ ረጋ። (ይህን መስመር የጻፍሁት አርብ ነው።)

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሰው ሰምቷል። ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ እርጎ ጠየቀችኝ፤ ወተቱ የፈላ መሆኑን ነግሬ፣ ሐኪሟን እንድትጠይቅ መክሬ፣ ከዛሬው ሰጠኋት። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ የካንሰር ሕክምና ላይ ላሉት አባቱ ጠየቀኝ። ለእሳቸው አልሰጠሁም። መከላከያው በመድኃኒት የደከመ ሰው በቅል ውስጥ ማን እንዳለ በማያውቅ የኬሚስትሪ መምህር መሞከሪያ መሆን የለበትም። ቅር ተሰኘብኝ፤ ይሁን።

እሑድ፣ የካቲት 16፤ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ስለ ሆዴ፦ መነፋቱ ቀንሷል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰላም ነኝ። ነገር ግን አንቲባዮቲኩን ከጨረስሁ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ሆኖኛል፤ ቆሎና በሶም ጨምሬያለሁ፤ እርጎም ጠጥቻለሁ። ሦስት ነገር አብሮ ቀይሮ አንዱን ማመስገን ተማሪዎቼን የምቀጣበት ስህተት ነው።

አሮጌው ቅል ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ ጨርቅ አፉ ላይ ታስሮ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። 55 ቀን ይጠብቃል። አክስቴ ይጠብቃል ይላሉ፤ እኔ ለፋሲካ በወረቀት አየዋለሁ።

ለጾሙ ስልጆ ጀመርሁ። ሱፉን ወቅጬ ወተቱን አጠለልሁ፤ የባቄላ ዱቄት ጨምሬ እንደ ቀጭን ገንፎ አበሰልሁት። እስከዚህ ድረስ የበሰለ፣ ሕይወት የሌለው ነገር ነው። ከበረደ በኋላ የተወቀጠ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገባበት። ስልጆውን የሚያስነሡት ባክቴሪያዎች ከሰናፍጩ ጋር ነው የሚገቡት። የቅሉን ቦታ ሰናፍጭ ወስዷል። አፍንጫዬን ሰንፍጦኝ ዓይኔ እያነባ ማሰሮውን ከደንሁ።

ማታ 2 ሰዓት፦ ፒኤች 6፣ የወጥ ቤቱ ሙቀት 15። ባናውን ደርቤበታለሁ።